መውቂያ የምትጎትተው መኪናዬ

መኪና እገዛለሁ ብዬ ማውራት በጀመርኩበት ሰሞን፣ ሉማሜ ውስጥ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ጠፋ። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ «ናፍጣ ከሆነች ጠዋት ሳትሞቅ አስነሳትና ጭሷን እይ» ይለኛል። ሌላው «ጭሱን ተወው፤ ዘይቷን በጣትህ ነካ አድርገህ አሽት» ይላል። ዕድሜ ልኩን ከበቅሎ በቀር ምንም ያልጋለበ ጎረቤቴ ሳይቀር ስለ ሻንሲ አስተማረኝ። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ሌላውን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና መማር አይሆንልኝም። ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሰማሁ፤ በመጨረሻ ግን በራሴ ጭንቅላት ገዛሁ።

መኪናዋ ያስፈለገችኝ ሽር ልልባት አልነበረም። ማስተማሩን ትቼ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት የጤፍ መውቂያ ማሽን አሠርቼ ነበር። ሁለት ጎማ አለው፤ የራሱ ሞተር አለው፤ ጤፉን በአንድ በኩል ስታጎርሰው ገለባውን በሌላ በኩል ይተፋል፣ ፍሬው ከሥሩ ይወርዳል። ስምንት በሬ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚውልበትን ክምር በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ከቆመበት በራሱ አይነቃነቅም። በመጀመሪያው ዓመት የሰው ትራክተር ተከራይቼ ነበር ከቀበሌ ቀበሌ የማስጎትተው። ባለ ትራክተሩ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሳይለው ይቀራል። መውቂያው የእኔ፣ ጊዜው የእሱ ሆነ። ገበሬው ክምሩ ሥር ቆሞ ሲጠብቀኝ እኔ የባለ ትራክተሩን ደጅ ስጠና፣ በዓመቱ የራሴ ጎታች ይኖረኛል ብዬ ማልኩ።

መኪናዋን ያገኘኋት ደጀን ነው። ከዓባይ በረሃ አቀበቱን ጨርሰው የሚወጡት ከባድ መኪኖች ሞተራቸውን ከሚያሳርፉበት መንገድ ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ነጭ፣ ነጠላ ጋቢና ፒካፕ ናት፤ ነጭነቷ ግን የጥርስ ዓይነት ነጭነት ነው፣ ቢጫ የገባበት። ድሮ መንገድ ሥራ ላይ ነበረች አሉኝ። ዞሬ ከኋላዋ ስመለከት ልቤ ቅቤ ጠጣ። መጎተቻ ጋንቾ አላት! ያውም ወፍራም፣ በደንብ የተበየደ። ሌላ ሰው ቢሆን ጋንቾውን ሲያይ ይሄ ብረት ስንት ዓመት ምን ሲጎትት ኖረ ብሎ ይሰጋ ነበር። እኔ ያየሁት የጎደለኝን ነገር ብቻ ነው።

ሻጩ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ጸጉሩን ሽበት የጀመረው ሹፌር ነበር። እንደተመከርኩት ጠዋት ሳትሞቅ አስነሳኋት፤ አንዴ አጉረመረመችና ተነሳች። ጭሷ ጥቂት ጠቆር ብሎ ወዲያው ጠራ። ወደ ሉማሜ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ ሄድኩባት፣ ተመለስኩባት። ማርሿ እንደ ቅቤ ይገባል። ስንመለስ ሰውዬው በገዛ አንደበቱ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ መጎተቻ ከሆነ የሚፈልጓት ወደ ዓባይ ትንሽ ወርደን ዳገቱን ይሞክሯት። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው።»

ምን ያህል ጨዋ ሰው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ያኔ ግን መንጃ ፈቃዴ ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ የዓባይን ጠመዝማዛ በራሴ እጅ ወርጄበት አላውቅም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሲምታታብኝ እንዳያየኝ ፈራሁ። የሚገርመው የፈራሁት ገደሉን አልነበረም፤ የሰውዬውን ዓይን ነው። «ኧረ አያስፈልግም፤ አየኋት እኮ» አልኩት ኮራ ብዬ። ትከሻውን ነቀነቀና ቁልፉን ሰጠኝ። ዳገት ላይ ለመጎተት የምፈልጋትን መኪና ዳገት ሳላስወጣት ገዛኋት።

ከገዛኋት በኋላ መጀመሪያ የነዳኋት ወደ አክስቴ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ቤቷ በብቸና አልፎ ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው በኩል፣ ከጠጠሩ መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ በሬ የላትም። መሬቷን ጎረቤቶቿ ያርሱላታል፤ አውድማ ሲደርስ ደግሞ ደቦ ትጠራለች። ደቦ መጥራት ደግሞ እንዲሁ «ኑልኝ» ማለት ብቻ አይደለም። ሁለት ሳምንት ቀድማ ጌሾ ታስወቅጣለች፣ ጠላ ትጠነስሳለች፣ ለአሥራ አምስት ሰው ወጥ ትሠራለች። ሰዎቹ በሬያቸውን ነድተው መጥተው ሲያበራዩላት ውለው፣ በልተው ጠጥተው መርቀዋት ይሄዳሉ። የእነሱ ተራ ሲደርስ እሷ ሄዳ እንስራ ታወርዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ጉልበቷን ያማት ከጀመረ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ሽር ጉድ እንደሚከብዳት አይቻለሁ። ከተቀመጠችበት ስትነሳ መሬቱን በእጇ ትደግፍ ነበር።

መኪናዋን ግቢዋ ሳቆም ዞረቻት። ጎማዋን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ምን ትበላለች?»

«ናፍጣ።»

«ሲርባትስ?»

«ትቆማለች።»

«እንደ በሬ ተኝታ አታስቸግርም?»

ሳቅኩ። የአጥቢያው ቄስ ጸበል ረጩባት፤ እቴቴ እልል አለች፤ ጎረቤቶቿም ተሰበሰቡ። እኔም ያን ቀን የተናገርኩትን ተናገርኩ።

«ዘንድሮ ደቦ እንዳትጠሪ። ጠላም አትጥመቂ፣ ወጥም አትሥሪ። እኔ መውቂያውን ይዤ እመጣለሁ፤ ምሳ ሳይደርስ ጨርሰን እንቀመጣለን።»

ጎረቤቶቿን ዞር ብላ አየች። «ሰዎቹስ ምን ይሉኛል?»

«ምን ይሉሻል? ማሽን አለኝ በያቸዋ!»

አለቻቸውም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምንጭ ስትወርድ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ዘንድሮ የእኔን የሚወቃልኝ ልጄ ነው» እያለች ተናገረች። የደቦው አዛውንት፣ እቴቴን ዕድሜ ልካቸውን በጉርብትና የሚያውቋት ሰውዬ፣ «መልካም ነው፤ እንግዲህ ከእኛ ድካም ተገላገልሽ» አሏት አሉ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ደስታም፣ ሌላ ነገርም ነበር። ሌላውን ነገር አልጠየቅኩም። ደቦ የጉልበት ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው «አያስፈልገኝም» ብሎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ «ኑልኝ» ማለት ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ፣ እዚያው ያደግኩ ሰው ሆኜ፣ አላሰብኩትም።

የመውቂያው ወቅት ገባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሉማሜ ዙሪያ በሜዳው ላይ ሠራሁ። ገበሬዎቹ ይጠሩኛል፣ እደርሳለሁ፣ እወቃለሁ፣ እሄዳለሁ። ጋቢናዬ ውስጥ ተቀምጬ ከኋላዬ መውቂያው ሲንገጫገጭ ስሰማ እንደዚያ ዘመን የኮራሁበት ጊዜ የለኝም። አንድ ቀን ግን ከወንዝ ስወጣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን የጩኸቱን ያህል አልሄደችም። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

ደብረ ማርቆስ ወዳለ አንድ መካኒክ ወሰድኳት። ነገር የማያበዛ፣ እጁ ከዘይት የማይለይ ሰው ነው። ከሥሯ ገባ፣ ወጣ፣ ትንሽ ነዳት፣ ተመለሰ።

«ፍሪሲዮኗ አልቋል» አለኝ። ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው፤ እሱ ካለቀ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ኃይሉ ጎማ አይደርስም። «ባዶዋን ትሄዳለች። መውቂያ አስረው ዳገት ቢወጡባት ግን እኔ የለሁበትም።»

«ለመቀየር ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት፣ አምስት ቀን።»

አምስት ቀን! በወቅቱ መካከል! ክምራቸውን ከምረው የሚጠብቁኝ ገበሬዎች በዓይኔ ዞሩ። ለሌላ መውቂያ ቢሰጡትስ? «ወቅቱ ይለፍና አመጣታለሁ» አልኩት። እሱም እንደ ደጀኑ ሰውዬ ትከሻውን ነቀነቀ። ሰው ትከሻውን ሲነቀንቅልኝ ቆም ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር አልተማርኩም።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ማባበል ያዝኩ። ዳገት ሲመጣ ከሩቁ አንደርድሬ እወጣለሁ፤ ወንዝ ሲኖር ዞሬ እሄዳለሁ፤ ስትጮህ እግሬን አነሳለሁ። ሽታውን ለመድኩት። ባለቤቴ ልብሴን ስታጥብ «ይሄ የሚቃጠል የሚሸት ምንድን ነው?» ብትለኝ «ፍሬን ነው፤ ያለ ነገር ነው» አልኳት። ስለ መኪና አታውቅምና አመነችኝ።

ቅዳሜ ገበያ ከእቴቴ መንደር የመጣ ሰው አገኘሁና መልእክት ላክሁባት። ሞባይል ገና ከከተማ የማይወጣበት ጊዜ ስለነበር ቃል የሚሄደው በሰው ነው። «ማክሰኞ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ። ትልቁን ክምር አስፈርሳ፣ አውድማው ላይ አስበትና ትጠብቀኝ» አልኩ። ክምሩ ተዘርግቶ ከጠበቀኝ ጊዜ ይቆጥብልኛል ብዬ ነው። ማክሰኞን የመረጥኩትም ረቡዕ የታኅሣሥ ገብርኤል ስለነበር ነው፤ በገብርኤል ቀን በዚያ አገር አውድማ የሚነካ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ስለ ክምር ትንሽ መናገር አለብኝ። ጤፍ የሚከምር ሰው በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ ተለምኖ ይመጣል። ነዶውን ከሥር ሰፋ፣ ከላይ ሾጠጥ አድርጎ፣ ዘለላውን ወደ ውስጥ እየደበቀ ይደረድረዋል። እንዲያ የተከመረ ጤፍ ዝናብ ቢወርድበት ውኃው በላዩ ይፈሳል እንጂ ውስጡ አይገባም፤ እስከ መጋቢት ቢቆም ምንም አይሆንም። ከፈረሰ ግን አለቀለት፤ ያኔ ሜዳ ላይ የተጣለ ሣር ነው። እኔ ይህን በደንብ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው አፍርሳ ትጠብቀኝ ያልኩት፤ በታኅሣሥ ማን ዝናብ ያስባል?

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መውቂያውን አስሬ ልነሳ ስል፣ ሰኞ የወቃሁለት የሉማሜው ገበሬ መጣ። ሰፊ ማሳ ያለው፣ ብዙ ዘመድ ያለው ሰው ነው። «ያቺን ትንሿን ክምሬን እግረ መንገድህን ጨርስልኝ፤ ሁለት ሰዓትም አትወስድ» አለኝ። እቴቴ አውድማው ላይ እየጠበቀችኝ መሆኑ በአእምሮዬ ነበር። ግን እቴቴ የኔ ናት፤ የኔ ሰው ይጠብቀኛል፤ ይህ ሰውዬ ግን በሚቀጥለው ዓመት የወንድሞቹን ሁሉ ክምር ሊሰጠኝ ይችላል። እንዲህ ብዬ አሰላሁ። «እሺ» አልኩት።

ትንሿ ክምር ትንሽ አልነበረችም። የመውቂያው ቀበቶ ሁለቴ ወለቀ። ከሉማሜ ስነሳ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ደጀንን አልፌ ወደ ብቸና ስታጠፍ በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አብሮኝ መውቂያውን የሚያጎርሰው ሰው ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። «ያልፋል» አልኩት። ብቸናን አለፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዳገት ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ከሩቅ አንደረደርኳት። እስከ ግማሹ ወጣች። ከዚያ ሞተሩ ብቻውን ጮኸ። ጎማው ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ከፊት ኮፈኗ ሥር ጭስ ወጣ። ፍሬን ረግጬ ይዤ፣ ሰውዬው ወርዶ ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወተፈ። መውቂያው ወደ ኋላ እየሳባት፣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ማርሽ ባስገባ፣ ባወጣ፣ ፔዳሉን ብረግጥ፣ ብለቅ ምንም የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ዳገቱ በሙሉ በውኃ ተሸፈነ። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ዝናቡን ሳይ «እቴቴ ባላፈረሰችው፣ እቴቴ ባላፈረሰችው» እላለሁ፤ አብሮኝ ያለው ሰው የምለው አልገባውም። መንደሯ ከዚያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። መኪናዋንና መውቂያውን ትቼ መሄድ አስፈራኝና አልሄድኩም። ብዙ ዓመት ይህን ቀን ሳሰላ ኖሬያለሁ። ጠዋት በቀጠሮዬ ተነስቼ ቢሆን፣ እዚያው ዳገት ላይ ብትቆምብኝ እንኳ፣ ሮጬ ደርሼ «አልሆነልኝም፤ በሬ አስገቡ» ለማለት ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረኝ።

ሲመሽ አንድ የጭነት መኪና በሰንሰለት አስሮ ቁልቁል ወደ ብቸና መለሰን። ጎታች ብዬ የገዛኋት መኪና ስትጎተት መንገደኛው ቆሞ ያያል። አንዱ «ማን ማንን ነው የሚጎትተው?» ብሎ ቀለደ። ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ እሰድበው ነበር። መካኒኩን ከብቸና በስልክ አስጠራሁት፤ በማግስቱ ገብርኤል ነው፤ ሐሙስ ዕቃውን ከደብረ ማርቆስ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሳያስፈልግ ከአንድ ከተሰበረች መኪና ላይ ፈትቶ ነው ያገኘው። «ያኔ ቢሉኝ ኖሮ ይችኑ ፈልጌ በሁለት ቀን እገጥምልዎት ነበር» አለኝ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ጨረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ያን ዳገት ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣችው። በአራት ሰዓት አውድማው ጫፍ ቆምኩ።

ገና ከጋቢናው ሳልወርድ ሽታው ደረሰኝ፤ የሻገተ ሽታ። ጤፉ አውድማው ላይ እንደተበተነ ጠቁሯል። ማክሰኞ ዘነበበት፤ ረቡዕ በዓል ስለነበር ማንም አልነካውም፤ ሐሙስ ሊገለብጡት ሲሞክሩ ዳግመኛ ዘነበ። ጎንበስ ብዬ አንድ ዘለላ አነሳሁ፤ ፍሬው ላይ ቀጫጭን አረንጓዴ ነገር በቅሏል። ከአውድማው ማዶ ትንሿ ክምር፣ ለሌላ ቀን ተብላ የቀረችው፣ እንደተከመረች ቆማለች፤ እሷን ዝናቡ አልነካትም። ትልቋ ክምር የነበረችበት ቦታ ላይ ግን ክብ ባዶ መሬት ብቻ ይታያል።

የደቦው አዛውንት በመንሽ ያን የጠቆረ ጤፍ እያገላበጡ ነበር። ሰላም አልኳቸው። መለሱልኝ፤ ቁጣ የለባቸውም።

«ይድናል እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«ከብት ይበላዋል። ጥቂቱን ሰውም ሊበላው ይችላል።» መንሹን መሬት ላይ ተከሉት። «እኛማ ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ስምንት በሬ ነድተን መጥተን ነበር።»

«እዚህ?»

«እዚህ ነዋ። ጤፉ ተበትኗል፣ ደመናው መጥቷል፣ አንተ የለህም። ደቦ ባትጠራንስ፣ የጎረቤት ጤፍ ዝናብ ሲበላው ቆመን እናያለን? እናግባና እናበራየው አልናት።»

«እና?»

«‹ልጄ መንገድ ላይ ነው፤ ከብቱን መልሱ› አለችን። ደመናውን በጣቴ አሳየኋት። ‹ቀጥሯል፤ ይመጣል› አለች። እዚህ በሩ ላይ ቆማ መለሰችን። ምን እናድርግ፣ ተመለስን።»

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ቤት ገባሁ። እቴቴ እሳት ዳር ተቀምጣ ሽሮ ትነፋለች። ስታየኝ ተነሥታ ሳመችኝ፤ ስትነሣ መሬቱን ደግፋ ነው።

«እቴቴ፣ ለምን መለስሻቸው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ የተናደድኩት በእሷ ይመስል።

«ማንን?»

«በሬ ይዘው የመጡትን!»

ወንፊቱን አስቀመጠች። «ምን ልበላቸው ታዲያ? ልጄ ዋሸኝ ልበላቸው?»

«ዘግይቷል ትያቸዋለሽ! ዝናብ መጣ፣ ግቡልኝ ትያቸዋለሽ!»

«ሰፈሩን ሁሉ ልጄ አለኝ ብዬ ደቦ ከልክዬ...» አለች ቀስ ብላ። «አንተስ ማሽንህን ይዘህ ስትደርስ፣ አውድማው ላይ የሰው በሬ ሲዞር ብታይ በሰው ፊት አታፍርም? መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው፣ አሁን ይደርሳል፣ እላለሁ። ኋላ ላይ ዝናቡ ቀደመህ።»

የእኔን እፍረት ስትጠብቅ ጤፏን አስበላች። ሉማሜ ላይ እስከ ስድስት ሰዓት የሰው ትንሽ ክምር ስወቃ እንደዋልኩ ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። ፍሪሲዮኑ እንዳለቀ ሳምንት ቀድሜ አውቅ እንደነበርም ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መኪናዋ ናት አሉ የተሰበረችው» አለችኝ ፊቴን እያየች። «አንተን ምንም አላገኘህም አይደል?»

«አዎ» አልኩ። «መኪናዋ ናት።»

ያን ቀን ትንሿን ክምር ወቃሁ። ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀችው፤ ፍሬው ከመውቂያው ሥር እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ወረደ። የተበላሸውን ማሽኑ አልቀበል አለው፤ እርጥቡ እየተጠቀለለ ቀበቶውን አነቀው። የሚድነውን ጎረቤቶቿ ከዓርብ ጀምረው ፀሐይ ላይ አድርቀው ያኑ ቀን በበሬያቸው አበራዩላት፤ ከእህል ይልቅ ከምድጃ የወጣ አመድ የሚመስል ጥቁር ጤፍ ሆነ። ያለ ጠላ፣ ያለ ወጥ ነበር የሠሩላት። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከእነሱ ጋር በሬ ነዳሁ፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ነው የከበደኝ። በዓመቱ እቴቴ ደቦ ጠራች። ጠላ ጠመቀች። እኔንም እንደ ማንኛውም ዘመድ «ከቻልክ ና» ብላ በሰው ላከችብኝ፤ መውቂያ ያለኝ መሆኑን አላነሳችም።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አገለገለችኝ። በዚያ ከሌላ መኪና ላይ በተፈታ ፍሪሲዮን፣ የማልወጣው ዳገት አልነበረም፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ጎበዝ መኪና ናት» እላለሁ፤ እውነቴንም ነው። በእሷ ላይ ያላከክሁት አንድ ጥፋት ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ በእቴቴ ዘንድ በመኪናዋ ስም እንደተመዘገበ አለ።

ያን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መውቂያውን ጋንቾው ላይ ሳስር፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ካሶኒ ላይ ከሸራው ሥር አንድ ጆንያ ተጭኖ አየሁ። ጎረቤቶቿ ናቸው ተሸክመው የጫኑላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለልጆቹ ነው። አንተን ማን ጠየቀህ?»

ላወርደው ስል እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ከጠቆረው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ከተበላሸው ድርሻዬን መብላት ይገባኛል፤ ልጆቼም ይብሉ፤ እንዲያውም ይህን ጨለማ እንጀራ በየቀኑ ባይ ይሻለኛል ብዬ ተውኩት። ትንሽም ቀለለኝ። ጉንጯን ስሜ ተነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ጓዳ ሆና ጆንያውን ፈታች።

«አንተ!» ብላ ጠራችኝ። «ተበላሸ አላልክም እንዴ? ዘንድሮማ ጤፏ ምን የመሰለ ነው!»

ሄጄ አየሁ። በሁለት እጇ አፍሳ ይዛዋለች። ነጭ ነው። ከትንሿ ክምር ነው፤ ግማሽ ሰዓት የወቃሁት ሁሉ ቢሰበሰብ ከዚህ ጆንያ ብዙም አያልፍም ነበር።

ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም። ጤፉን እስከ ፋሲካ በላነው። እቴቴ በእነዚያ ወራት ምን ስትበላ እንደከረመች አልጠየቅኳትም።